«ከየት አመጣሽው?» ለተባለች ልጅ

ልጄ፣ «ጎጃሜ ካቶሊክም አለ እንዴ?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ቀን አልተቀየምኩሽም። ጥያቄሽ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። አንቺም የራስሽን ነግረሽኛል፤ ከከምባታ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ከመጣሽ ወዲህ አብረውሽ የሚያድሩት ልጆች «ይህን ሃይማኖት ከየት አመጣሽው?» ይሉሻል። እኔን ደግሞ በወጣትነቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ቁምስና ደጃፍ ላይ የራሴው የእምነት ወንድም «ከጎጃም ነኝ ትላለህ፤ ታዲያ እንዴት የኛ ሆንክ?» ብሎኛል። ቅዳሴ ገብቼ ስወጣ ነበር የጠየቀኝ። የውጭው ሰው «ከየት አመጣችሁት» ይለናል፤ እኛም በውስጣችን እርስ በርስ አገርና ዘር እንቆጥራለን። ሁለተኛው ይብሳል ባይ ነኝ። በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ስብሰለሰል የቆየሁትን እንዲህ በቁጥር አስቀምጬልሻለሁ።

፩. ብዛትሽን በልኩ እወቂው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊክ ነኝ ያለው ሰው ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበር፤ ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከዚያም ውስጥ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ገደማ የሚኖረው በያኔው ደቡብ ክልል፣ በእናንተ አገር ነበር። እዚህ ምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ከመቶው 97 የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነው። እንግዲህ አብራሽ የምታድረው ልጅ ካቶሊክ አይታ አለማወቋ ክፋት አይደለም፤ አንቺም ጎጃሜ ካቶሊክ አለማየትሽ ክፋት አልነበረም። ጥያቄን ከስድብ ለይተሽ ስሚ። ስድብም ሲመጣ ታውቂዋለሽ፤ ድምፁ ሌላ ነው።

፪. ያደግሽበት ሥርዓት ብቸኛው እንዳይመስልሽ። ባሕር ዳር ሄደሽ የግዕዙን ቅዳሴ ስትሰሚ «ኦርቶዶክስ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር» ብለሽኛል። ልክ ነሽ፣ ይመስላል፤ ምንጩ አንድ ነውና። በሰሜኑ የሰበኩት ላዛሪስት የተባሉት ሚስዮናውያን የአገሩን ግዕዝ፣ የአገሩን ቅዳሴና ጾም ተቀብለው ሠሩ። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የገቡት ካፑቺኖችና ከእነሱ በኋላ የመጡት ማኅበራት ደግሞ የላቲኑን ሥርዓት ይዘው ሄዱ። ስለዚህ ዛሬ በአንዲት አገር፣ በአንድ እምነት ውስጥ ሁለት ሥርዓት አለን፤ አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር-ደሴ በግዕዙ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ ሐዋሳ፣ መቂ፣ ነቀምት፣ ሐረርና ሌሎቹ በላቲኑ። በግዕዙ ወገን አንድ ሰው አግብቶ ቢቀስስ ሥርዓቱ ይፈቅድለታል፤ በላቲኑ ግን ደንቡ አለማግባት ነው። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት ጎጃም የአዲስ አበባው ነበር። በዓለም ላይ ካየነው ደግሞ ከሮም ጋር አንድ የሆኑ፣ የየራሳቸው ሥርዓት ያላቸው 23 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ የእኛዋ አንዷ ናት። እና የላቲኑ ልጅ የግዕዙን ሰው «እናንተ ግማሽ ናችሁ» ሲል፣ የግዕዙም የላቲኑን «እናንተ ፈረንጅ ናችሁ» ሲል ከሰማሽ ዝም አትበዪ። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም አሳዝነውኛል።

፫. አባ ገብረ ሚካኤልን እወቂ። ስለ እሱ ሳልነግርሽ ብቀር ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። መርጡለ ማርያም አጠገብ፣ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ተወለደ። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን አጣ፤ በቀረው ዓይኑ ግን ከብዙ ባለ ሁለት ዓይን ይልቅ አነበበ። መርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሰ። ያ ዘመን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ እየተባለ ሊቃውንቱ የሚከራከሩበት፣ ጎጃምም በቅባትነቷ የምትታወቅበት ዘመን ነው። እሱ መልስ ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ጎንደር ድረስ ሲዞር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1841 የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ በላኩት መልእክት ውስጥ ገባ። አብሯቸው የተጓዘው ጣሊያናዊ ካህን ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር፤ የእኛ ሰዎች አቡነ ያዕቆብ የሚሉት። ከግብፅ አልፈው ሮምንም ኢየሩሳሌምንም አዩ። ገብረ ሚካኤል ወዲያው አልተቀበለም። መረመረ፣ ተከራከረ፣ ሦስት ዓመት ያህል አሰበበትና በ1844 ካቶሊክ ሆነ። በ1851 ቀሰሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታሰረ፤ እምነትህን ካድ ተባለ፣ እምቢ አለ። በ1855 በአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት መካከል፣ በሰንሰለት እንደ ታሰረ፣ በጉዞ ላይ ሞተ። ሮም በ1926 ብፁዕ አለችው።

ይህን ታሪክ የምነግርሽ «የኛም ሰማዕት አለን» እንድትዪበት አይደለም። የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰውዬው ካቶሊክ ከሆነ በኋላ የተወው የአገሩ ነገር የቱ ነው? ግዕዙን አልተወም፤ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ተቀምጦ የሃይማኖት ትምህርት በግዕዝ አዘጋጀ። ምንኩስናውን አልተወም። የጎጃም ሊቅ ሆኖ ገባ፣ የጎጃም ሊቅ ሆኖ ሞተ። አዲስ አበባ ያ ወንድሜ «እንዴት የኛ ሆንክ?» ሲለኝ ይህን ባውቅ ኖሮ እንደዚያ አፌ አይተሳሰርም ነበር። አላወቅኩም ነበር። የገዛ አገሬን ሰው የማውቀው መስሎኝ ሃያ አምስት ዓመት ሞላኝ፤ ስሙን የነገረኝም ከሰሜን፣ ከዓሊቴና የመጣ የኢሮብ ተወላጅ ነው። እስኪ አስቢው፣ ጎጃሜውን ለጎጃሜው ያስተዋወቀው ኢሮብ።

፬. ሱስንዮስን ሲያነሱብሽ አትሽሺ። ያነሡብሻል። እዚህ አገር ካቶሊክ ሲባል የብዙ ሰው ልብ በቀጥታ ወደ እሱ፣ ካቶሊክ ሆኖ አገሩን ካቶሊክ ሊያደርግ ወደ ሞከረው ንጉሥ ይሄዳል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ በትዕግሥት፣ በቤተ መንግሥቱ ሰው መካከል ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ ሰከላ ውስጥ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ በ1622 ሞተ። ከሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥት አልነበረውም፤ የተጠመቀውን ዳግም ማጥመቅ፣ የቀሰሰውን ዳግም ማቀሰስ፣ ቅዳሴውንና ባሕረ ሐሳቡን መለወጥ ፈለገ። ጎጃምን የሚገዛው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስም የአዲሱ እምነት ዋና ሰይፍ ሆነ። የፈሰሰው ደም ብዙ ነው፤ የገበሬ ደም ነው። በ1632 ሱስንዮስ ራሱ «የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ» ብሎ ዐወጀና ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። እንግዲህ ይህን ሲነግሩሽ «እኛ ያኔ አልነበርንም» ብለሽ አታምልጪ። በጉልበት የተደረገው በደል ነበር በዪ። በደል የሆነበትንም ምክንያት አስረጂ፤ ሰውን ከነማንነቱ መቀበል እምቢ ስለተባለ ነው። ገብረ ሚካኤልን በሰንሰለት ያሰረውም ያው እምቢታ ነው፤ እጁ ብቻ ተለወጠ።

፭. ይኸኛውን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ልትሰሚው ይገባል። በድሮው ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ መተከል ውስጥ፣ ሚስዮናውያን ከጉሙዝ ሕዝብ ጋር የሠሩባቸው ቁምስናዎች አሉ። ፓዊ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ እየተጫነ የመጣ ሕዝብ ሰፍሮበታል፤ ያንቺም የአገር ሰዎች ዓባይን ተሻግረው እዚያ አርሰዋል። አንድ እሑድ ወደዚያ ሄጄ ሳለሁ አንድ የጉሙዝ ወጣት ከፊቴ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አየሁና ጎንበስ ብዬ «ሰው ፈልገህ ነው?» አልኩት። ዞሮ አየኝ። ምንም አልመለሰልኝም። ጥቂት ቆይቶ ተነሣና ምንባቡን ያነበበው እሱ ነበር፤ የቁምስናው ካቴኪስት ኖሯል። አዲስ አበባ የተጠየቅሁት ጥያቄ ሃያ ዓመት በልቤ ውስጥ ሲያቆስለኝ ኖሮ፣ እኔው ራሴ ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ከቅዳሴ በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እጄን ይዞ ቡና አጠጣኝ። ከዚያ ወዲህ መተከል ላይ የሆነውን የሰው እልቂት በሰማሁ ቁጥር ያ ልጅ በሕይወት ይኑር አይኑር እያልኩ እጨነቃለሁ። ልጄ፣ ጸሎት ቤት የገባን ሰው ፊቱን አይተሽ «ምን ፈልገህ ነው?» አትበዪ።

፮. በዓል አንድ ላይ ነው፤ ተጠቀሚበት። ገናችንም ፋሲካችንም ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን ይውላል። የጎጃም ጾም ግን ከእናንተ አገር ጾም ይረዝማል፤ ጓደኞችሽ ሲጾሙ ፊት ለፊታቸው ወተትሽን አታስቀምጪ።

፯. እድር ግቢ፤ ቤተሰብ ስትመሠርቺም ይህን አትርሺ። አክስቴ ስታርፍ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ሌሊቱን ከእኛ ጋር አነጉ። ሁሉም የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። የምትቀበርበት ቦታ ላይ ሲደረስ ግን፣ ካቶሊክ ናትና፣ ነገሩ ተንጠለጠለ፤ አስከሬኑ ቤት ውስጥ ሆኖ ሽማግሌ እየተላከ፣ ከሰዓት በኋላ ነው መፍትሔ የተገኘው። ጥቂት መሆን ማለት በስታቲስቲክስ ትንሽ አኃዝ መሆን ብቻ አይደለም፤ ሬሳሽን የት እንደምታሳርፊ አስቀድሞ ማሰብ ነው። ያን ቀን የረዳን የእድሩ ዳኛ ነበር፤ አጥባቂ ኦርቶዶክስ። «አብራን የበላች ሴት ናት» አለና ራሱ ተነሥቶ ሄደ። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ሳትቸገሪ ፈልገሽ ተዋወቂው።

፰. ቋንቋሽን ቤትሽ አትተዪው። ለብቻሽ ስትሆኚ በከምባትኛ የምትዘምሪውን አንድ ቀን ከሰው ፊት ስታቋርጪው አይቻለሁ። ለምን? የሚሰሙሽ ልጆች ቃሉን ባይዙት ዜማውን ይይዙታል። የዚህ አገር ሰው በቅኔ ያደገ ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤት ልጅ ያላወቀውን ቃል «ፍችው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያውቃል። ስትተረጉሚለት ደግሞ ለአንቺም ያልታየሽ ነገር ይታይሻል።

፱. መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከፋሲካ በኋላ፣ መርጡለ ማርያም ልወስድሽ አስቤያለሁ። በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርገን ነው የምንሄደው፤ ሌሊት እንነሣለን። እቴጌ እሌኒ ያሠራችውን ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ፣ በኋላም ኢየሱሳውያኑ የሠሩበትን ጥርብ ድንጋይ ታያለሽ፤ ከጎኑ ዛሬም የሚቀደስበት ደብር አለ። ገብረ ሚካኤል ልጅ ሆኖ ያን ድንጋይ ሳያይ አልቀረም። ያቺን «ከየት አመጣሽው?» ያለችሽን ልጅም ጥሪያት። አገሯ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታስጎበኝሽ። እናቷ ስንቅ እንዳታበዛ ንገሪያት፤ ዳቦውንና ቆሎውን እኔ እይዛለሁ።