ሞተሩ ወደ ኋላም ያመልጣል
ለተማሪ የሮኬት ቡድኖችና ለወላጆች የተጻፈ ማሳሰቢያ

የአሜሪካ ተማሪዎች የሮኬት ውድድር ፍጻሜ የሚካሄደው በቨርጂኒያ፣ ዘ ፕሌይንስ አጠገብ ባለው ግሬት ሜዶው መስክ ነው። ቡድኖቹ ጥሬ እንቁላል የጫነ ሮኬት አስወንጭፈው እንቁላሉን ሳይሰበር መመለስ አለባቸው። በዚያ አካባቢ ልጆች የምናሳድግ ሐበሾች ብዙ ስለሆንን ይህ ማሳሰቢያ እኛንም ይመለከታል።

ሮኬት ሲወነጨፍ ተመልካች ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እሳቱ ላይ ነው። የሞተሩ ሥራ ግን በእሳቱ አያበቃም። ለምሳሌ ሲ6-5 የተባለው ሞተር ገፍቶ ሲጨርስ ለ5 ሰከንድ ያህል ቀስ ብሎ የሚነድ ቅመም አለው። ከዚያ ጥቂት ባሩድ ወደ ፊት ትፈነዳና የሮኬቱን አፍንጫ ገፍታ ፓራሹቱን ታስወጣለች። የፍንዳታው ጋዝ በዚያው ቅጽበት ሞተሩንም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከሁለቱ የላላው ቀድሞ ይወጣል። የቀደመው ሞተሩ ከሆነ ፓራሹቱ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ሮኬቱም በአፍንጫው ቁልቁል ይመጣል።

ስለዚህ፦

ሞተሩን በሁለቱም አቅጣጫ ያዙት። ሽቅብ ሲገፋ ሮኬቱን ሰንጥቆ እንዳያልፍ ከፊቱ በሙጫ የተጣበቀ ቀለበት፣ ወይም ከቱቦው አፍ ላይ የሚያርፍ ከንፈር ይኑረው። አብዛኛው ጀማሪ ይህንን ያስባል፤ የሚረሳው የኋላውን ነው።

የብረት መንጠቆ ያለው ሮኬት ከሆነ የመንጠቆው ጫፍ የሞተሩን ጠርዝ በደንብ መያዙን በጣታችሁ አረጋግጡ። ደጋግሞ የተጠመዘዘ መንጠቆ ይላላል። ሞተሩንና መንጠቆውን አብራችሁ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ጠቅልሏቸው።

መንጠቆ ከሌለው፣ ይህንኑ ፕላስተር በሞተሩ ላይ ጠምጥማችሁ አጥብቃችሁ ክተቱት። በሁለት አውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትገፉት ብቻ የሚገባ ይሁን። በአንድ ጣት የሚንሸራተት ከሆነ ጨምሩበት። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ደግሞ በኋላ ስትጎትቱ ቱቦውን ትቀድዱታላችሁ።

ሞተሩን በሙጫ አታጣብቁ። ቀፎውን አትብሱ፣ ብሎንም አታሳልፉበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የደህንነት ደንብ የተመሰከረለትን ሞተር መነካካት ይከለክላል። መያዣው ሁልጊዜ ከሮኬቱ ጋር እንጂ ከሞተሩ ጋር የተሠራ መሆን የለበትም።

ትልልቅ ሮኬት ላይ በፕላስተር አትታመኑ። ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል፦ በቱቦው ውስጥ በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ግፊት ቢፈጠር፣ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሞተር ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ወደ 11 ኪሎ ይጠጋል። በ54 ሚሊ ሜትር ሞተር ላይ ወደ 23 ኪሎ ይደርሳል። ለዚህ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየዞረ የሚጠብቅ የአሉሚኒየም መያዣ ግዙ። ሙቀት በሚቋቋም ኢፖክሲ ስታጣብቁት ሙጫው ጥርሱ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ከገባ ክዳኑ ዳግም አይዞርም።

«የእኛ ፓራሹት በኤሌክትሮኒክስ ስለሚከፈት መያዣ አያስፈልገንም» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ፓራሹቱ ድንገት ሲዘረጋ ሮኬቱን በኃይል ይጎትተዋል፤ ያልታሰረ የብረት ቀፎም ከዚያ ከፍታ ሰው ላይ ሊወርድ ይችላል።

ከማስወንጨፋችሁ በፊት የሜዳው የደህንነት ኃላፊ ሞተሩን ይዞ ሲጎትተው አትቆጡ፤ እንዲያውም እናንተው ጎትቱልን በሉ። መያዣው ልል ሆኖ የተገኘው መለኮሻው ከገባ በኋላ ከሆነ ግን በዚያው አታጥብቁት። መለኮሻውን አውጡና ሮኬቱን ከማስወንጨፊያው አውርዱት። የማስወንጨፊያው አዝራር ተጭኖ ሞተሩ ካልተነሣም የደህንነት ቁልፉን ነቅላችሁ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም እንዳይጠጋ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሞተር ያመለጠ እንደሆነ አንድ ሰው ዓይኑን ከቀፎው አይንቀል። ደረቅ ሣር ላይ የወደቀ ትኩስ ቀፎ እሳት ያስነሣል፤ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ፣ በባዶ እጅም አታንሱት። ሮኬቱም መያዣው ሳይቀየር በዚያ ቀን አይደገም።