ካርዱ ሞተ ከማለታችሁ በፊት፦ የግራፊክስ ካርድ ብልሽትን በቅደም ተከተል መመርመር

ባለፈው የፈተና ሰሞን አንድ ማታ ታናሽ ወንድሜ ከክፍሉ እየጮኸ ወጣ። ጌም እየተጫወተ ሳለ ስክሪኑ በቀይና በአረንጓዴ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሞላ፤ ከዚያ ጥቁር ሆነ። ኮምፒውተሩን የገዛው ትምህርት ሲዘጋ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን ይዞ የአዲስ ግራፊክስ ካርድ ዋጋ ማነጻጸር ጀመረ። በእጁ የቀረው ገንዘብ ግን ለሚቀጥለው ሴሚስተር መጻሕፍት የተያዘ ነበር። እናታችን ከኩሽና ሆና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ነርሲንግ ውስጥ መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ አምስት ደረጃዎች ናቸው፦ መረጃ መሰብሰብ፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መፈጸምና ውጤቱን መገምገም። ሳይመረመር መድኃኒት አይሰጥም። ያን ማታም በዚሁ መንገድ ለመሄድ ሞከርን፤ መሀል ላይ ግን እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። ለእናንተም እንዲጠቅም እንዳለ ልንገራችሁ።

1. በመጀመሪያ ጠይቁ

ችግሩ መቼ ጀመረ? ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ ነበር? በቅርቡ የተቀየረ ነገር አለ? አዲስ ድራይቨር ተጭኗል? ኮምፒውተሩ ከቦታው ተነሥቷል? የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወዲያው አጥፉት፣ ከግድግዳው ንቀሉት፣ «እስቲ ልየው» ብላችሁም መልሳችሁ አታብሩት።

ምልክቱ የሚታይበት ጊዜም ብዙ ይናገራል። አራት ማዕዘኖቹ ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ጀምሮ ከታዩ ድራይቨሩ ገና ሥራ አልጀመረም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ካርዱ፣ በተለይም ወደ ካርዱ ሜሞሪ ያደላል። ጌም ከተጀመረ ከቆይታ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ሙቀት፣ የኤሌክትሪክ እጥረት ወይም ድራይቨር ሊሆን ይችላል።

2. ቀላሉን አስቀድሙ

የልብ ምት የሚያሳየው ማሽን ድንገት ቀጥ ያለ መስመር ቢያሳይ መጀመሪያ የምናየው ሕመምተኛውን ነው። ሰውየው እያወራ ከሆነ ደረቱ ላይ የተለጠፈው ሽቦ ተነቅሎ ይሆናል። እዚህም እንደዚያው ነው። የሞኒተሩን ኬብል አጥብቁ፤ ሌላ ኬብልና ሌላ ሞኒተር ሞክሩ። ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱን አረጋግጡ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ከግድግዳው ነቅላችሁና የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ክፈቱት። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት የሣጥኑን ብረት ንኩ፤ በሰውነታችን ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ካርዱን ሊጎዳ ይችላል። ካርዱ በቦታው በደንብ መቀመጡንና የኤሌክትሪክ መሰኪያዎቹ እስከ መጨረሻው መግባታቸውን ተመልከቱ። ካርዱ የተሰካበት ቦታ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ብቻ ነው፤ ባለ 6 ፒን መሰኪያ 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። ስለዚህ የላላ አንድ መሰኪያ ጤነኛውን ካርድ በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። ካርዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ኬብሉን ቀየርኩ፣ ድራይቨሩንም አጠፋሁ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ! ስክሪኑ መጣ፤ ወንድሜ አቀፈኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አራት ማዕዘኖቹ ተመለሱ። የትኛው እንደረዳን፣ ወይም አንዱም እንዳልረዳን ማወቅ አልቻልንም። አንድ ሰው ሦስት አዳዲስ መድኃኒቶች በአንድ ቀን ጀምሮ ቆዳው ሽፍ ቢል የትኛው እንዳመጣው በምን ይታወቃል?

ወረቀት አመጣሁና እንደገና ጀመርን። ሰዓቱን፣ የቀየርነውን አንድ ነገርና ያየነውን እየጻፍን ሄድን። ድራይቨሩን በሴፍ ሞድ ገብተን አጠፋንና ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ አዲስ ጫንን። ዊንዶውስ «ኮድ 43» ካላችሁ ካርዱ ችግር እንዳለበት ስላሳወቀ አቁሞታል ማለት ነው፤ ምክንያቱ ድራይቨርም ካርዱም ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ፍርድ አይደለም። ሙቀቱንም ለካን። ብዙ ካርዶች ጌም ላይ ከ65 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጣም ካለፈ አቧራውን ጥረጉ። በአየር ስትነፉት ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፤ በኃይል እንዳይሽከረከር።

4. የመጨረሻው ፈተና

ካርዱን አወጣንና ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካን። ይህ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ነው፤ ለምሳሌ ስማቸው በ«ኤፍ» ፊደል የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የላቸውም። የእኛው ነበረውና ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ችግር ሠራ፤ ወንድሜም የቤት ሥራውን ጨረሰበት። በማግስቱ ካርዱን ፓወር ሰፕላዩ በቂ በሆነ የጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ሞከርነው፤ እዚያም አራት ማዕዘኖቹ ወጡ። የጓደኛው ካርድ ደግሞ በእኛ ኮምፒውተር ላይ በደህና ሠራ። «ካርዱ ነው የተበላሸው» ያልነው ያኔ ነው።

5. ከዚያስ?

ወንድሜ ሁለት ሐሳብ አመጣ። አንደኛው በቪዲዮ ያየው ነው፤ ካርዱን ኦቨን ውስጥ መጋገር። ሙቀቱ አንዳንዴ ካርዱን ለጥቂት ጊዜ ሊያስነሣው ይችላል፤ ምክንያቱን ግን አያድንም፤ ከፕላስቲኩና ከኬሚካሉ የሚወጣው ጭስም ለጤና ጥሩ አይደለም። እናቴ ድፎ ዳቦ የምትጋግርበት ኦቨን ነው! ሁለተኛው ሐሳብ የባሰ ነበር፤ «ለአንድ ተማሪ ‹ይሠራል› ብዬ ልሽጠው» አለ። «አንተ ብትሆን የገዛኸውስ?» አልኩት። ዝም አለ። የተበላሸ ካርድ መሸጥ ይቻላል፤ የተበላሸ መሆኑን ተናግሮ፣ ለመለዋወጫ።

ከዚያ ደረሰኙን ኢሜይሉ ውስጥ ፈለግን። ዋስትናው የሦስት ዓመት ነበር፤ አራት ወር ቀርቶታል! ሊጥለው ወይም ሊጋግረው የነበረው ካርድ ነው እንግዲህ። ስለ ዋስትና እነዚህን ያዙ፦

• በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ ዕቃ ቢያንስ የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለው።
• አሜሪካ ውስጥ «ይህ ተለጣፊ ከተቀደደ ዋስትና የለም» የሚል ጽሑፍ በአጠቃላይ ሕጉን እንደሚጻረር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ለኩባንያዎች በደብዳቤ አሳስቧል።
• ካርድ ገዝታችሁ ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ የምትልኩ ከሆነ ዋስትናው እዚያ ይሠራ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር የተወሰነ ነው።
• ከመላካችሁ በፊት የካርዱን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሡ።

አምራቹ መጀመሪያ የጠየቀን «ምን ምን ሞከራችሁ?» ብሎ ነው። ወረቀታችንን ፎቶ አንሥተን ላክን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ምትክ ካርድ መጣ፤ የመጻሕፍቱም ገንዘብ አልተነካም።

እናንተም በፈተና ሰሞን ስክሪናችሁ ቢጠፋ ከባንክ ካርዳችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። መልካም ፈተና!