ስለ ፖሊስቲሪን፤ ሥርዓት የነገርን ጠባይ እንዲለውጥ

ከአዲስ አበባ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሳሪስ በብዙ ተማሪ እጅ የሚገኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የቢክ እስክሪፕቶ ነው። ቀፎው እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፤ ቢያጐብጡትም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የተሠራበትም ነገር ፖሊስቲሪን ይባላል። ጠባዩን ለማወቅ የሚወድ ሰው ከምን እንደ ተሠራ ብቻ ሳይኾን እንዴት እንደ ተደረደረም ሊመረምር ይገባዋል።

በ1839 ዓመት በበርሊን ከተማ ኤድዋርድ ሲሞን የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ከአንድ ዛፍ ሙጫ ዘይት መሳይ ፈሳሽ አወጣ፤ እርሱም ስቲሪን ነው። ፈሳሹም ቈይቶ ረጋ። የመርጋቱን ምሥጢር የሚፈታውን ትምህርት ኸርማን ሽታውዲንገር በ1920 ገለጠ፤ ይኸውም ጥቃቅን ቅንጣቶች ተያይዘው እጅግ ረዥም ሰንሰለት መኾናቸው ነው። (ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አስተማሪው ይህን በሲባጎ ሊያሳይ ይችላል። በሲባጎው ላይ በእኩል ርቀት ጭራሮ ይሰር። ሲባጎው ሰንሰለቱ ነው፤ ጭራሮውም ከጐኑ የተንጠለጠለው ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት ነው።

ጭራሮው አንዱ ወደ ቀኝ፥ ሦስቱ ወደ ግራ፥ እንዳገኘ ቢታሰር፥ ብዙ ሲባጎዎችን አስጠግቶ መደርደር አይቻልም። የእስክሪፕቶው ፖሊስቲሪን እንዲህ ያለ ነው፤ ክሪስታል አይኾንም። ብርሃንን የሚበትን ክሪስታል ስለሌለበትም ጠርቶ ይታያል። 100 ዲግሪ በሚያህል ሙቀት ቀስ በቀስ ይለዝባል እንጂ በተወሰነ ሙቀት ባንድ ጊዜ አይቀልጥም።

ጭራሮው ኹሉ ባንድ ወገን ቢኾን ግን ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ ይደረደራል። ይህን ጣሊያናዊው ጁልዮ ናታ በ1955 አስታወቀ። ክሪስታል ለመኾን ይዘገያል፤ የሚቀልጠውም በ240 ዲግሪ ገደማ ነው። ጃፓኖች በ1985 እንደ ሠሩት አንዱ ወደ ቀኝ ቀጣዩ ወደ ግራ በተራ ቢኾን ደግሞ ፈጥኖ ክሪስታል ይኾናል፤ ሳይቀልጥም እስከ 270 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። ይህም ራሱ ልዩ ልዩ መልክ አለው፤ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ተዘርግቶ ይደረደራል፤ ከአንዳንድ ፈሳሽ ጋራ ሲገናኝ ግን ይጠመዘዛል፥ የፈሳሹንም ቅንጣት በመካከሉ ያስቀራል። እንግዲህ ካርቦኑና ሃይድሮጅኑ ሳይለወጥ ሥርዓቱ ብቻ ጠባዩን ለወጠው።

ይህ ትምህርት ለቤትም ይጠቅማል። ሳሪስ ከፍ ያለ አገር ስለ ኾነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ፖሊስቲሪን ከሚለዝብበት ጥቂት ያንሳል። የጋለ ዘይት ግን ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ ዕቃውን ያበላሸዋል። ደግሞም ዕቃው ቅርጹን ጠበቀ ማለት ለትኵስ ምግብ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም።

ከኹሉ ይልቅ ለቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚመጣውን ነጭና ቀላል ፖሊስቲሪን ከሰል ለማያያዝ ማንደድ አይገባም። ሲነድ ጥቍር ጢስና ስቲሪን ይወጣዋል። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ስቲሪንን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ነገሮች ጋራ ቈጥሮታል። ሽማግሌዎችም ይህን ለጎረቤት ቢያስረዱ በጭስ ቤት የሚውሉትን እናቶችና ሕፃናት ይጠብቃሉ።

ጥያቄ። ፩ኛ፤ የእስክሪፕቶው ቀፎ ስለ ምን ጠራ? ፪ኛ፤ በሲባጎው ላይ ጭራሮውን በሦስት ዓይነት አስረህ የትኛው ለመደርደር እንደሚመች አሳይ።