ብርድ የያዘው ጡሩምባ

ክረምት ሲገባ ተማሪው ዕረፍት ነው፤ ሙዚቃ ለመለማመድ ጊዜ ይገኛል። በደጀን ግን ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ከተማውን ይሸፍነዋል። ያን ሰዓት ተሰባስበን የነሐስ ጡሩምባ ብንነፋ ድምፁ ወርዶ እናገኘዋለን። ወቀሳው ሁሉ በጀማሪው ነፊ ላይ ይሆናል። ጥፋቱ ግን የእሱ ነው ወይ?

አይደለም። ብዙ ሰው ነሐሱ በብርድ ስለሚኮማተር ነው ይላል። እሱማ ቢሆን ድምፁ ይቀጥን ነበር እንጂ አይወፍርም። ዋናው ምክንያት ጡሩምባው ውስጥ ያለው አየር ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ በሞቀ አየር በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን 337 ሜትር ያህል ብቻ። ጉዞው ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል። የደጀን ከፍታ በዚህ ነገር እጁ የለበትም።

የነሐስ ሙዚቃ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ አዲስ አበባ የገቡት በ1916 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ፣ በጳጉሜን ነበር።

ከበሮ በክረምት እርጥበት ሲላላ እሳት ዳር እናሞቀዋለን። ጡሩምባን ግን እሳት አናስጠጋው፤ ብየዳው ይለቃል። ድምፅ ሳናወጣ ቀስ ብለን ትንፋሽ እንላክበት፤ ባረፍን ቁጥር ጋቢ ውስጥ እንያዘው። ውስጡ የሚጠራቀመውን ውሃም እናፍስስ። ምራቅ ነው ብለው የሚጸየፉ አሉ፤ አብዛኛው ግን የትንፋሽ ጤዛ ነው። ድምፁ አሁንም ከወረደ ተሳቢውን ቧንቧ ትንሽ ወደ ውስጥ እንግፋ። ጡሩምባው ሲሞቅ መልሰን እንሳበው፤ አለዚያ በሚቀጥለው ዘፈን ድምፁ ይቀጥናል።