አራሷ ተማሪ እንድትመለስ

ስሟ ሳይሰረዝ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው በአገራችን ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል፤ አፋር ላይ 23፣ አዲስ አበባ 3 በመቶ። እኔ እንዳየሁት ከትምህርት የሚያስቀራቸው ምጡ አይደለም። ሆዷ መታየት ሲጀምር ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ ትቀራለች፤ የክፍል ኃላፊው «ቀሪ» እያለ ይሞላና በመጨረሻ «አቋረጠች» ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ሳትወልድ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ጋር አስጠሯትና የምትመለስበትን ሴሚስተር በጽሑፍ ስጧት። ርዕሰ መምህሩ የፈረመባት አንዲት ወረቀት ከብዙ ምክር ትበልጣለች።

አርባና ሰማንያ

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ እስከዚያ አራሷን «ከቤት አትውጪ» የሚሉ ብዙ ናቸው። አትከራከሩ። ደብተር በጓደኛዋ በኩል ይላክላት። ታሪኩን ራሷ ታነበዋለች፤ የሚያመልጣት ሒሳቡ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራት የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪ ፈልጉላት።

ሕፃኑን ማን ይይዛል?

ታንዛኒያ የወለዱ ልጃገረዶች ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይመለሱ የጣለችውን ክልከላ ያነሳችው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። እሰየው፤ ፈቃድ ግን ሕፃን አይዝም። የምትይዘው አያት ናት፤ ባል ካላት ደግሞ አማቷ። (ከ18 ዓመት በታች ማግባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ እሱን ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋገሩ፤ ከአማትየዋ ጋር ግን ወሬያችሁ ስለ ሰዓት ይሁን።)

እዚህ ላይ ፈረቃ ይረዳናል። የጠዋት ተማሪ ለምሳ ቤቷ ናት። ከመውጣቷ በፊት ሕፃኑን አጥብታ፣ እጇን ታጥባ፣ ቀሪውን በንጹሕ ኩባያ ታልባለች። የታለበ የጡት ወተት ተከድኖ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። አያት በኩባያ ቀስ እያሉ ያጠጡታል፤ ጡጦ አያስፈልግም። በቆላ ሙቀት ግን ይህን አትመኑ፤ በእረፍት ሰዓት ሕፃኑ ይምጣላት።

«ማታ ትማር» ለሚሉ

ማታ መንገዱ ይጨልማል፣ ሕፃኑም ያለቅሳል። ራሷ ከመረጠችው ጥሩ፤ የእኛ መገላገያ ግን አይሁን።

ክፍል ውስጥ

በር አጠገብ አስቀምጧት። ጡቷ ሲሞላ ወተቱ ሸሚዟን ያረጥበዋል፤ ሹራብ ብትደርብ «ዩኒፎርም ጥሳለች» አትበሉ፤ ስትወጣም ምክንያት አትጠይቋት። «እማማ» እያለ የሚያሾፍባት ካለ ለብቻው ጠርታችሁ አነጋግሩት፤ በክፍሉ ፊት ከተቆጣችሁት ነገሩ ዞሮ እሷ ላይ ይወርዳል።