ከብርሃኑ የጎደለው

በጋምቤላ ክልል፣ ዲማ ወረዳ፣ በክረምት ከአኮቦ ወንዝ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብንቀዳ መጀመሪያ የምናየው ደለሉን ነው። በባህላዊ መንገድ ወርቅ በሚታጠብበት ወንዝ ይህ አያስገርምም። ከደለሉ መሐል ግን በብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ፣ ለዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊዎች ይኖራሉ፤ ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ። የምንማረው በሚመጥጡት ብርሃን ወገናቸውን መለየትን ነው።

ዓይን የሚያየው ቀለም ተመጥጦ የተረፈው ብርሃን ነው። እኛ ግን የምንፈልገው የጎደለውን ነው። ፋይቶፕላንክተን ሁሉ ለማለት ይቻላል ክሎሮፊል ኤ አለው፤ እሱም ሰማያዊውን ብርሃን በ440፣ ቀዩን በ675 ናኖሜትር ገደማ ይመጥጣል። ይህ መኖራቸውን ይነግረናል፤ ማንነታቸውን ግን የሚናገሩት ሌሎቹ ቀለሞች ናቸው። አረንጓዴ አልጌዎች በክሎሮፊል ቢ ምክንያት 650 አካባቢ ምልክት ይተዋሉ። ዳያቶሞች ፉኮዛንቲን ስላላቸው ከሰማያዊው አልፈው እስከ 540 ገደማ ያለውን አረንጓዴ ይወስዳሉ። ሳያኖባክቴሪያዎች ደግሞ ፋይኮሳያኒን አላቸውና 620 አካባቢ ይታወቃሉ።

በቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ ይመስላል። እነ ጃክ ታሊንግ ስለ ኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ስፒሩሊና የተባለው ሳያኖባክቴሪያ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ብርሃኑን አብዛኛውን የሚጨርሰው ራሱ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ 620 ላይ ያለውን ጉድለት ማየት አይከብድም። አኮቦ ላይ ግን ብርሃኑን የሚሻማ ደለል አለ።

ደለል ሰማያዊውን አብዝቶ፣ ወደ ቀዩ ሲሄድ እየቀነሰ ይመጥጣል፤ የሚመጥጠው በመስመር ሲሳል ጉብታ የለውም። ከበሰበሰ ቅጠል ወጥቶ ውሃውን እንደ ሻይ የሚያጠይመው ሟሚ ነገርም መስመሩ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ መጠኑ የታወቀ ውሃ በመስታወት ጭረት ማጣሪያ ይጠለላል። ሟሚው ያልፋል፤ ደለልና አልጌ ማጣሪያው ላይ ይቀራሉ። ማጣሪያው በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል፤ ከዚያ የአልጌው ቀለም ይወገድና ዳግመኛ ይለካል። ከመጀመሪያው ሁለተኛው ሲቀነስ የአልጌው ድርሻ ይቀራል። ማጣሪያው ራሱ ብርሃን ስለሚበትን የእርማት ስሌትም ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ተማሪ የሚስተው ይህን ነው። ቀለሙን ለማስወገድ የተለመደው ሜታኖል ነው። ሜታኖል ክሎሮፊልን አሟጥጦ ያወጣል፤ በውሃ የሚሟማውን ፋይኮሳያኒን ግን ማጣሪያው ላይ ይተወዋል። ያኔ ፋይኮሳያኒኑ በሁለቱም ልኬት ላይ ይገኝና በቅነሳው ይሰረዛል፤ ሳያኖባክቴሪያ ሞልቶ ሳለ ውጤቱ የለም ይላል። መፍትሔው ከየቤቱ የማይጠፋው የበረኪና ንጥረ ነገር፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። እሱ በልኩ ሲሰጥ ፋይኮሳያኒኑንም ያነጣል፤ ደለሉን ብዙም አይነካም። እንደኔ ግምት በደለላማ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ሰው ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ ይህን ማወቁ ይበልጥበታል።

620 ላይ የተገኘ ጉብታም ቢሆን ወገኑን እንጂ ስሙን አይሰጥም። የአረንጓዴ ሐይቁ ስፒሩሊናም፣ በቆቃ ግድብ ውሃ ላይ የሚታወቀው ማይክሮሲስቲስም ፋይኮሳያኒን አላቸው። አንዱ ለምግብነት የሚውል ነው፤ ሌላው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህን ለመለየት ጠብታዋ ማይክሮስኮፕ ሥር መግባት አለባት።