ደብተራችሁን ይዛችሁ ከሰው መሀል ግቡ

ብዙ ሰው ሠዓሊ ሲባል በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ፣ ብቻውን ሲቆዝም ሐሳብ ከላይ ዱብ የሚልለት ፍጡር ይመስለዋል። እኔ በካርቱን እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ኑሮዬ ያስተማረኝ ሌላ ነው። ሐሳብ ያለው ታክሲ ውስጥ ነው። ጀበና ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ "መንገድ! መንገድ!" እያለ በሚያልፈው ተሸካሚ ትከሻ ላይ ነው። ዛሬ የአንድ ካርቱኒስት ሳምንት በአዲስ አበባ ምን እንደሚመስል የማጫውታችሁ ለሠዓሊ ብቻ ስለሚበጅ አይደለም። አስተማሪም ሁኑ ነጋዴ፣ ጸሐፊም ሁኑ ልብስ ሰፊ፣ ሙያችሁ የሚያድገው ሰውን በማየትና ከሰው ጋር በመጫወት እንደሆነ ከልቤ ስለማምን ነው።

ሰኞ የሚጀምረው በሚኒባስ ነው። ኪሴ ውስጥ ትንሽ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ አለ፤ ላጲስ የለም። ላጲስ ካለ እጅ ይፈራል፣ መስመሩን ሳይጨርስ ሊያጠፋው ይቸኩላል። በእስክሪብቶ የተጣመመው መስመር ግን እዚያው ይቀራል፤ እናንተም ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። የረዳቱን እጅ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ብሩን በቁመቱ አጥፎ በጣቶቹ መካከል ይሰካዋል፤ አሥሩ ለብቻ፣ ሃምሳው ለብቻ፣ መቶው ለብቻ። በሌላ እጁ የበሩን ጠርዝ ጨብጧል። ግማሽ አካሉ በመስኮት ወጥቶ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይላል፤ ዐይኑ ግን እየተመለሰ ኋላ ወንበር ላይ ሒሳብ ያልከፈለውን ሰው ይፈልጋል። አካሉ ወደ ውጭ፣ ሐሳቡ ወደ ውስጥ። ይህችን አንድ ጠመዝማዛ መስመር ከያዛችሁ ወያላውን ያዛችሁት ማለት ነው። ፊቱን ባትስሉት እንኳ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል።

በካርቱን ፊት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አካሉ የሚያዘነብልበትን ዋና መስመር፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ከዚያ እጁን ትይዛላችሁ። ሰውየው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሊወርድ ስለሚችል ጊዜ የላችሁም፤ ከወረደ የቀረውን ከትዝታ ትሞላላችሁ። ጥሩ ልምምድ የሚባለውም ይህ ነው። በኒው ዮርክ ቲያትር ቤቶች ሲስል የኖረው አል ኸርሽፌልድ በጨለማ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ሳያይ ይነድፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያርፍ 99 ዓመቱ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ከሥራው አልተለየም። እሱ በጨለማ ከሣለ፣ እኛ በጠራራ ፀሐይ "ቦታው አይመችም" የምንልበት ምክንያት የለም።

ደግሞ ይህ ጥበብ ከውጭ የመጣብን አድርጋችሁ አትዩት። የጥንት ሥዕሎቻችንን ተመልከቱ። ጻድቁ በሙሉ ፊት፣ ሁለት ዐይኑ ታይቶ ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዐይን። የዐድዋ ሥዕሎች ላይም እንደዚሁ ነው፤ የኛ ሰዎች ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ ጠላት በጎኑ ቆሟል። ፊትን ወደ አንድ በኩል በማዞር ብቻ ማን የማን ወገን እንደሆነ ተነገረ ማለት ነው። አንድም ቃል ሳይጻፍ! ካርቱን ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም ባይ ነኝ።

ወደ ሳምንቱ አጋማሽ ፒያሳ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካ ሰው ቆሞ ቡና የሚጠጣበት ቤት ስለሆነ ለንድፍ የተመረጠ ነው። የተቀመጠ ሰው ብዙ ነገር ይደብቃል፤ የቆመ ሰው አይችልም። የቸኮለው በአንድ እግሩ ወደ በሩ ዞሯል። ቀጠሮ የሚጠብቀው ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ስልኩን ያገላብጣል። ሥራ የፈለገው ወጣት ደግሞ ሸሚዙ ተተኩሶ ትከሻው ግን ወድቋል። ልብ ካላችሁ የአንድ ከተማ ወሬ በትከሻ ይነበባል።

ከዚያ ወጥቼ መንገድ ዳር ጃንጥላ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ስትቀዳ ክንዷን እየነደፍሁ ሳለ አየችኝ።

"ጋሼ፣ እኔን ነው እንዴ የሚስሉት?"

"አዎ እህቴ፣ ካልከፋሽ።"

ደብተሩን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና "እኔ እንዲህ ዝቅ አድርጌ አልቀዳም!" አለች። ጀበናውን እንደገና አነሳች። ክንዷን ከፍ አድርጋ፣ ትንሿን ጣቷን ለየት አድርጋ፣ ቀጭኗን የቡና መስመር ሳታቋርጥ ከሲኒው አገናኘቻት። አጠገቤ የተቀመጡት አባት "ልክ ናት፣ አስተካክለው" አሉኝ። ሌላው ደንበኛ የለም የመጀመሪያው ነው የሚመስለው ብሎ ተከራከረ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ስለ ሥዕሉ ትቶ ስለ ኑሮ ያወራ ነበር፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ልጆች ትምህርት። እኔ የጠየቅሁት አንድም ጥያቄ አልነበረም። ደብተሩ ጨዋታውን ከፈተው። ሰው ሲሣል እንደታየ፣ እንደተከበረ ይሰማዋል፤ የተከበረ ሰው ደግሞ ልቡን ይከፍታል። ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ ጠይቆ ገጹን ማጠፍ ነው፣ ቂም የለም።

ሐሙስ ማታ የምስልለት ጋዜጣ ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፣ እኔ ፊት ለፊት ያለው ወረቀት ባዶ ነው። በዚህ ሰዓት ቤቱን ዘግቶ የከረመ ሰው ላብ ያጠምቀዋል። እኔ ግን ደብተሬን እገልጣለሁ። የሰኞው የወያላ እጅ አለ፤ የረቡዕ የቡናው ጨዋታ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው አንድ ደመወዝተኛ ወጣ። እጁን ዘርግቷል፤ በጣቶቹ መካከል እንደ ረዳቱ ብር ሰክቷል። አንዱ ላይ ኪራይ፣ አንዱ ላይ ጤፍ፣ አንዱ ላይ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ላይ ታክሲ ተጽፏል። ለራሱ የሚሆን ክፍት ቦታ ሲፈልግ ሌላውን እጁን ያያል፤ እሱም የሞላ ነው። ሐሳቡ የመጣው ያን ማታ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ነው የተጀመረው።

ዓርብ የጓደኞች ነው። ይህን ቀን እንደ እረፍት ብቻ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። የሙያ ባልደረቦች ተሰብስበን ደብተሮቻችንን ጠረጴዛው መሀል እንከምራለን፤ አንዱ የሌላውን ያገላብጣል። የሲያትሉ ጋዜጠኛና ሠዓሊ ጋብሬል ካምፓናሪዮ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው የከተማ ንድፍ እንቅስቃሴ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ ቀላል ልማድ ነው። ሰዎቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ያዩትን እዚያው ቆመው ይስላሉ፣ በመጨረሻም ሥራቸውን ጎን ለጎን ዘርግተው ይተያያሉ። አንድ አደባባይ በስንት ዐይን ስንት ዓይነት ይሆናል! ቅናት የሚበርደው፣ ትምህርት የሚገኘው እዚያ ነው።

ከዚያ አንዳንድ ጊዜ አዝማሪ ቤት እንሄዳለን። ለካርቱኒስት ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አላውቅም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አንዴ ያየዋል። መነጽሩን ወይም አዲስ ጫማውን ይመርጣል፤ ስንኝ ይቋጥርለታል። ቤቱ ይስቃል፣ የተገጠመለት ሰውዬም ራሱ ስቆ ይሸልመዋል። የሰው ክብር ሳይነካ የሰው ጠባይ ተነገረ። ካሪካቸር የሚስል ሁሉ ይህን ልክ አጥብቆ ይማረው።

ቅዳሜ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ነኝ፤ እዚያ የሚነደፈው ብዛትና ጥድፊያው ነው። እሑድ በማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹን ወጥተው የሚወርዱ ሯጮች አሉ፤ ከቅዳሴ የሚመለሱ ነጠላ የለበሱ እናቶች አሉ። ነጠላ እንዴት እንደሚወድቅ ለመሳል የሚተጋ ሰው እጁ ይለሰልሳል።

"እኔ ተሰጥኦ የለኝም" የምትሉ አላችሁ። ራሲፑራም ላክስማን የሚባለው ሕንዳዊ ካርቱኒስት ወጣት ሳለ በቦምቤይ የታወቀው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ችሎታህ አይበቃም ብሎ መልሶታል። እሱ ግን ቁራ ሲሥል፣ መንገደኛ ሲሥል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1951 በጋዜጣ የፈጠረው ባለ መነጽሩ ተራ ሰው፣ አንድም ቃል ሳይናገር ሕንዳውያንን ለአምስት አሥርት ዓመታት ወከላቸው። ያን ሰው ከየት አገኘው? ከመንገድ ነዋ! እኛ ዘንድ ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬም በስማቸው ያስተምራል፤ መግባት የሚችል ይግባ። ያልቻለ ግን መንገዱ በሩን እንዳልዘጋበት ይወቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ከዚያ በፊት እዚያ ቁጭ ብሎ የነደፈ ሰው በረንዳውን፣ የሥጋ ቤቱን መስኮት፣ የሰዉን አቀማመጥ በእጁ ይዟል። ከተማችን በየወሩ መልኳን እየቀየረች ነው፤ ዛሬ የምታልፉበትን ሰፈር ለልጆቻችሁ የሚያሳይላቸው ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ነገ ከቤት ስትወጡ ኪስ የሚገባ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። የማትስሉ ከሆነ ያያችሁትን በሁለት መስመር ጻፉ። ከጎናችሁ ለተቀመጠው ሰው ሰላምታ ስጡ፣ ስሙን ጠይቁ። ዓርብ ሲደርስ የሞላችሁትን ገጽ ለአንድ ወዳጃችሁ አሳዩት፤ እሱም የራሱን ይዞ እንዲመጣ ከአሁኑ ቅጠሩት።